አዮ እንዴት ናት?

ጥር 13

ውሃ ከስምንት ቀን በኋላ መጣ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ጀሪካኖቹን ሞላሁ፣ ቁርስ ሳልበላ አራት ሰዓት ሆነ።

ከዚያ ባለቤቴ ድንቄ እጄን ይዛ ግቢውን አዞረችኝ። ርክክብ መሆኑ ነው! ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ እንዲህ ያለ ጥብቅ ርክክብ አላየሁም። አሥራ ዘጠኝ ዕቃ። ቡገንቪሊያው በመኪና ጎማ። ጽዷ በቀለም ባልዲ። ዘንባባው አፉ በተቆረጠ ጀሪካን። ፊከሱ በእናቴ ስንጥቅ ጋን።

"ይሄ በሁለት ቀን። ያ በሳምንት። ይሄኛውን ጣትህን አፈሩ ውስጥ ከትተህ ደርቆ ስታገኘው ብቻ።"

"ጣቴን?"

"ጣትህን! ምን፣ ይቆረጣል?"

እሷ ራሷ አሁን በዳበሳ ነው የምታውቃቸው። ቀኝ ዓይኗ ከመስከረም ወዲህ ጨልሟል፤ ግራውም እየተከተለ ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉ። "ዘግይታችኋል፣ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ቶሎ አሠሩት" አለን ሐኪሙ። ነገ ወዲያ ልጃችን ናዝራዊት መጥታ ትወስዳታለች። ሁለት ወር፣ ምናልባት ሦስት።

መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ አቆመችኝ። አዮ ዘንድ። የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያለች ጠምበለል ናት፤ በሽቦ ተንጠላጥላ የበሩን አናት ሸፍናዋለች። ድንቄ ሲሬ ለእናቷ ልቅሶ የሄደች ጊዜ ከእናቷ አጥር ቆርጣ ያመጣቻት ናት። በኋላ ወንድሟ ቦታውን ሸጠው። ዛሬ እዚያ መጋዘን ነው፣ አጥርም የለ፣ ጠምበለልም የለ። ድንቄ እናቷን "አዮ" ነበር የምትላት። ሐረጓንም አዮ አለቻት። እኛም ለመድን።

"አዮን ደግሞ..." ብላ ጀመረች።

"እሺ አልኩሽ እኮ!" አልኳት። ተቆጣሁ። ምን የሚያስቆጣ ነገር ነበረው? ፈርቼ ይሆናል።


ጥር 15

ሸኘኋቸው። መናኸሪያው ገና ሳይነጋ ሰው በሰው። መንገዱ ሰላም ነው ብለው ነው የሄዱት፣ እግዜር ያውቃል። ናዝራዊት እናቷን መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻት። ደህና ሁን ትለኛለች ብዬ ጠጋ አልኩ። አንገቷን አውጥታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

"ጣትህን እንዳትረሳ!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቤት ስገባ ዝም... ሬዲዮ ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።


ጥር 21

ይሄ ሊሾ ሊበላሽ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ነው ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ ያስደረግኩት። ሰባት ወር ዝናብ፣ ሰባት ወር ጭቃ፣ በቃኝ ብዬ። ድንቄ አንድ ቀን ሙሉ አለቀሰች። በማግስቱ አንድ የቀለም ባልዲ ተሸክማ መጣች። "መሬቴን ወሰድክ፣ ባልዲ አይጠፋም" አለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ ዘጠኝ ደረሰች።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ወሰኔም በዚሁ ሊሾ ተቀይማኛለች። ክረምት ውሃው ወደ እሷ ማድቤት ይወርዳል ብላ መጣች። እኔም፣ የልማዴን፣ "ማመልከቻ አስገቢ" አልኳት። ይኸው አራት ዓመት። ድንቄን ታናግራለች፣ ቡና ይጠራራሉ። እኔን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። ታዲያ ምን ልበላት ኖሯል?

ዛሬ የጻፍኩት ግን ለሌላ ነው። ዕቃዎቹ ከሥራቸው ቀዳዳ አላቸው፤ ድንቄ በምስማር የበሳቻቸው። ባጠጣኋቸው ቁጥር ቡናማ ውሃ ይወርድና ሊሾው ላይ ክብ ክብ ይሠራል። ተንበርክኬ ፈተግኩ። አይለቅም። በዚህ ዕድሜዬ!

ቁጭ ብዬ ሳስብ ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት የማሸጊያ ሰም ትዝ አለኝ። ያ ቀዩ፣ ምስጢራዊ ፖስታ የምናሽግበት። በሻማ አቀለጥኩ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አጋድሜ ቀዳዳቸውን ጠብ ጠብ... ሰሙ ለሰባት ነው የበቃው። በሩ አጠገብ ያሉትን መረጥኩ። እጄ አልረሳም! እኔ ያሸግኩት ፖስታ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ተከፍቶ አያውቅም።

አጠጣሁ። ጠብ የለም። ደስ አለኝ።


ጥር 29

ድንቄ ደወለች። ምርመራ ላይ ናቸው፣ ወረፋው ረጅም ነው። እንዴት ነሽ ሳልላት፦

"አዮ እንዴት ናት?"

"አለች። በየቀኑ ነው የማጠጣት።"

"በየቀኑ? ጣትህን ከተትክ?"

"ከተትኩ" አልኩ። አልከተትኩም። ውሃ መቼ በዝቶ ይጎዳል? የሚጎዳው መርሳት ነው። እኔ ደግሞ አልረሳሁም።


የካቲት 7

አዮ ቢጫ ቅጠል አወጣች። ሦስት፣ አራት። ጠምቷታል መሰለኝ፣ ፀሐዩ መረር ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትም ማታም።


የካቲት 11

ቢጫው በዛ። አንዱ ቅጠል ስነካው ወደቀ። አንድ ጣሳ ጨመርኩላት። ጽዷም ጫፏ እየጠወለገ ነው። ምን ሆናችሁ? ድንቄ ናፍቃችሁ ነው? እኔስ?


የካቲት 14

ኦፕሬሽኑ ተደረገ። ግራ ዓይኗን። ናዝራዊት "ደህና ነው አባዬ" አለች፤ ድምፅዋ ግን ደህና አይደለም። ፋሻው ሲፈታ ነው የሚታወቀው። ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ መድኃኒቱ ይሆናል።

"አዮስ?"

ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር የማወራት። ከላዬ ቅጠሉ ግማሽ የለም።

"ደህና ናት። አንቺ ብቻ ዳኝልኝ።"

ታዲያ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ለተኛች ሴት ሌላ ምን ይባላል?


የካቲት 19

አዮን በባጃጅ ጭኜ ወደ ሲሬ መውጫ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠው ጂሩ ዘንድ ወሰድኳት። ድንቄ ደንበኛው ናት።

"አካም ጂርቱ ኦቦ! አዴ ድንቅነሽስ?" አለና ቆርቆሮውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አፈሩን በጣቱ ቆነጠረ፣ አሸተተ። እኔንም አስሸተተኝ። የረግረግ ሽታ።

"ጋሼ፣ ይሄ ውሃ መውጫ የለውም?"

"አለው። እ... ነበረው።"

አጋድሞ ሥሩን አየ። አየና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እንደገና ቆርቆሮውን።

"ይሄ ቀይ ምንድነው?"

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ኋላ አለመሳቄን ሲያይ አቆመ። በቢላ ሰሙን ሲያነሳው ጥቁር ውሃ ቧ ብሎ እግሬ ላይ ወረደ። ሥሩ በጣት ሲነካ እንደ በሰለ ጎመን ይበጣጠሳል።

"ሥር ይተነፍሳል ጋሼ። አንቀው ነው የያዟት።"

አንቄ... በገዛ እጄ!

የበሰበሰውን ቆርጦ በደረቅ አፈርና አሸዋ መልሶ ተከላት። "ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለም፣ ከያዘች ይዛለች" አለኝ። ካልያዘችስ? አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼ የስድስቱን ሰም በምስማር ፈለፈልኩ። እነሱ ዘግይቶም ቢሆን ደርሼላቸዋለሁ።


የካቲት 27

አዮ ሞተች።

ጫፏን ሰበርኩ፣ ቀጭ አለ። ወደ ታች ወረድኩ፣ ቀጭ። እስከ አፈሩ ድረስ ደረቅ።

አሥራ አንድ ዓመት ነው የኖረችው፣ መጀመሪያ መሬት ላይ፣ ከሊሾው ወዲህ በቆርቆሮ። የአማቴን ልቅሶ ሁለተኛ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ብቻዬን፣ በጾም ሆድ።


መጋቢት 4

የምጽፈው ነገር ያሳፍረኛል። ቢሆንም እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፈው ነው?

ጂሩ ዘንድ ሄድኩ። ያበበ ጠምበለል አለው። "የውጭ ዘር ነው፣ ቅጠሉ ያው ነው፣ ሽታው ግን ይበረታል" አለኝ። ለምን እንደፈለግኩት ገብቶታል፤ አልጠየቀኝም፣ ዓይኔንም አላየም። አምጥቼ በአዮ ቆርቆሮ ተከልኩት። ሽቦው ላይ ጠመጠምኩት። በሩ እንደ ድሮው ሆነ።

ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።

ማታ ደወለች። "አዮ እንዴት ናት?" "አብባለች" አልኳት። "ያ ዋቀ!" ብላ እልል አለች፣ ዓይኗ በፋሻ እንደታሰረ። 


መጋቢት 13

ናዝራዊት ብቻዋን ሆና ደወለች። "አባዬ፣ ተቀመጥ።" ተቀመጥኩ። ፋሻው ተፈታ። ቀኙ የለም፣ እሱ ቀድሞም ታውቋል። ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል። ከዚያ በላይ አይመጣም ብለዋል።

"እሷስ ምን አለች?"

"'ጥላ ካየሁ ዓምዴ ሲመጣ አውቃለሁ' አለች።"

አለቀስኩ። ሰው የለ፣ ማን ያየኛል። ለቅሶዬ መሀል ምን አሰብኩ? "እንግዲያ ሐረጓን አታውቅም" ብዬ አሰብኩ። የማረፍ ነገር ተሰማኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


መጋቢት 21

ዛሬ ሌባ ሆንኩ።

ድንቄ አንድ ጊዜ ከአዮ ቆርጣ ለወሰኔ ሰጥታት እንደነበር ያስታወስኩት ትናንት ነው። ከግንቡ ወዲያ ያለው ጠምበለል የአዮ ልጅ ነው! አራት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ግንብ። ልለምናት? በየት አፌ? በዚያ ላይ ድንቄ ሁሌም "የለመኑት ተክል አይጸድቅም፣ የሰረቁት ነው የሚይዘው" ትላለች። ሲሬም እናቷ እንዲሁ ይሉ ነበር።

ወሰኔ እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት ናት። እኔ ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ነጠላዬን ሳላወልቅ መቀሱን ይዤ በርሜሉ ላይ ወጣሁ። በስልሳ አራት ዓመቴ! በደረቴ ግንቡ ላይ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። ልደርስበት ስል መቀሱ አመለጠኝ። ቋ!

"እንዴ?" አለ ድምፅ ከታች።

ወሰኔ። ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። ከግንቡ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። መቀሱን አነሳች። እኔን አየችኝ። በነጠላ ተጠቅልዬ ግንብ ላይ።

"አቶ ዓምደሚካኤል። ምን ፈልገው ነው?"

"እ... ይሄን ሐረግ..."

"ማመልከቻ ያስገቡ።"

ምን ይባላል? ይገባኛል። ልወርድ ስል ከአፌ ወጣ፦ "አዮ ሞተች። እኔ ነኝ የገደልኳት።"

ቢላዋን አስቀመጠች። "ድንቄ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ዓይኗም... አልሆነም።"

እጇን አፏ ላይ ጫነች።  ከዚያ "በበር ይምጡ፣ ሰው ያያል" አለችኝ።

በበር ገባሁ። ማድቤቷ በር ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበቴ የደረሰ የውሃ መስመር አየሁ፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የኔ ውሃ። አራት ክረምት። ሥሩ የእህል ጆንያ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀምጣለች። እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር ልበል? ነግራኝ ነበር እኮ።

"ወይዘሮ ወሰኔ፣ በድዬሻለሁ" አልኳት።

"እሱን ክረምት ሳይገባ ያሳዩኛል" አለች። መቀሱን መለሰችልኝ። "አሁን ለምነውኝ ብሰጥዎት አይጸድቅም። ዞሬ ጎመኔን ልቀንጥስ። ምንም አላየሁም።"

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሦስት ዘንግ ቆረጥኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል አፌን ስከፍት ሳትዞር፦

"ሌባ ያመሰግናል እንዴ?"


መጋቢት 25

ሦስቱን በሦስት የቲማቲም ጣሳ ተከልኳቸው። ጂሩ እንዳለኝ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር፣ ከላይ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፍቼባቸው። የጣሳዎቹን ሥር ራሴ በምስማር በሳሁ። አምስት አምስት ቀዳዳ። ከመብዛቱ ወንፊት መሰለ።

መሮና መዶሻ ተበድሬ ሊሾውን መስበር ጀመርኩ። በግንቡ ሥር ዳር ለዳር፣ ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ የሚሄድበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት። እጄ ውሃ ቋጠረ። ሠራተኛ ብይዝ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። አልፈለግኩም።


ሚያዝያ 1

አንዱ ዘንግ ጠቆረ። ጣልኩት። ሁለቱ አሉ። በየቀኑ ጣቴን እከታለሁ። አዎ፣ አሁን!

ቦዩ አለቀ። ሁለት ባልዲ ውሃ ደፍቼ አየሁት፣ ተስተካክሎ ይወርዳል። ወሰኔ በግንቡ ላይ በሳህን ንፍሮ አቀበለችኝ። ምንም አላለችም፣ እኔም አላልኩም። ጥሩ ንፍሮ ነበር።


ሚያዝያ 10

ሁለተኛውም ሄደ። አንዷ ቀረች። ቅጠል የላትም፣ ግን አረንጓዴ ናት። ስቅለት ነው ዛሬ፤ ስሰግድ እሷንም አስባታለሁ፣ እግዜር አይቆጣም።


ሚያዝያ 16

አወጣች! የስንዴ ፍሬ የምታክል እምቡጥ፣ ጎኗ ላይ። መነጽሬን ወልውዬ ሦስት ጊዜ አየሁ። ጸድቃለች!

ሰኞ ይመጣሉ።


ሚያዝያ 20

ድንቄ መጣች። ከስታለች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ናዝራዊት የገዛችላት። ከባጃጁ ስትወርድ ወደኔ ዞረችና "ያ ረጅሙ ጥላ አንተ ነህ?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት።

ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ዕቃዎቿን ዞረች። በእጇ። ጎማውን ዳበሰች፣ "ቡገንቢ፣ ደህና ነሽ?" ባልዲውን፣ "ጽዴ፣ ጫፍሽ ምነው?" ጀሪካኑን፣ ጋኑን። ናዝራዊት እያየቻት ፊቷን ታዞራለች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ እከተላለሁ።

በሩ ዘንድ ደረሰች። ቆርቆሮውን አቀፈችው። ቀና ብላ አሸተተች።

አሁን ልንገራት... አሁን...

"ሽታዋ በረታ!" አለች። "ናፍቃኝ ነው እንዴ? ዓምዴ፣ ሽታዋ እንዲህ አልነበረም። ናፍቃኝ ነው።"

እንባዋ ከጥቁሩ መነጽር ሥር ወረደ። አልነገርኳትም።


ሚያዝያ 23

ናዝራዊት ዛሬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለታችን ቀረን።

ከመጣች ጀምሮ ማታ ማታ ድንቄ በርጩማዋን በሩ ሥር ታደርጋለች። ከሐረጓ ጋር ታወራለች። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለእናቷ እንደምታወራው። ሐኪሞቹ ያሏትን ነገረቻት። ለኔም ለናዝራዊትም ያልነገረችንን ነገረቻት፤ እንደፈራች፣ ጨለማው እንዳስጠላት።

ለጂሩ ችግኝ የሆዷን ስትነግር ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ ዝም ካልኩ ሰው አይደለሁም።


ሚያዝያ 24

ነገርኳት። ሁሉንም። ሰሙን፣ ውሃውን፣ ጂሩን፣ ግዢውን። የቲማቲም ጣሳዋን ብቻ አላነሳሁም፣ ማባበያ እንዳይመስል።

እጇን ከቆርቆሮው ላይ አነሳች። እንደተቃጠለ ሰው።

ስትናደድ ወደ ኦሮምኛ ነው የምትሄደው። ዛሬ ግን በአማርኛ ነው ያናገረችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይጠፋኝ ያሰበች ይመስል።

"የሞተችው ይሁን። ሰው ይሞታል፣ አበባም ይሞታል። ሳታውቅ ነው ያደረግከው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ዓይኔ ቢያይ ኖሮ ሌላ ሐረግ ትተክልብኝ ነበር?"

ቆርቆሮውን አየሁ።

"መልስ።"

"አልተክልም ነበር።"

"እኔ አዲስ አበባ ተኝቼ ምን ስል ነበር? ዓይኔ ቢሄድ ግድ የለም፣ ዓምዴ አለ፣ እሱ ያይልኛል እል ነበር። የማላየውን አንተ ካልነገርከኝ በማን ዓይን ልኑር?"

በርጩማዋን አንስታ ገባች። ግድግዳውን በእጇ እየተከተለች። ልደግፋት ስጠጋ ጥላዬን አየችው መሰለኝ፣ ቆመች። "ተወኝ" አለች።


ሚያዝያ 25

አላናገረችኝም።


ሚያዝያ 26

አላናገረችኝም። ምሳ አቀረብኩ፣ በላች። ሻይ አቀረብኩ፣ ጠጣች። ወሰኔ መጥታ ውስጥ ሆነው ብዙ ተጫወቱ። ስትወጣ ወሰኔ "ነገርኳት እንዴ? ምንም አላየሁም ብዬ የለ" አለችኝና ሄደች።


ሚያዝያ 27

ከቁርስ በኋላ፦

"ወሰኔ አንድ ነገር አለ ትላለች። አምጣ።"

የቲማቲም ጣሳዋን አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ሃይላንዱን አነሳሁ። በሌባ ጣቷ ጫፍ ነካቻት፣ ሕፃን እንደሚነኩት። ሁለት ቅጠል ወጥቷል። ሦስተኛው ሊፈታ ነው።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት። የአዮ ልጅ ልጅ በያት።"

"ማን ሰጠህ?"

"ማንም አልሰጠኝም። ሰረቅኩ።"

"አንተ?"

"በነጠላ። በርሜል ላይ ወጥቼ።"

ጣሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካስ ሳቅ ነው! "ሬጅስትራሩ!... በርሜል ላይ!..." እያለች ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። የቱ ላይ እንደተለወጠ አላወቅኩም።

"ይቅርታ አልጨረስኩም" አለችኝ ስትነሳ። "እጨርሳለሁ። ጊዜ ስጠኝ።"


ግንቦት 3

ሐሳብ አቀረብኩ፦ መሮው እጄ ላይ ነው፣ ሊሾውን ልስበርልሽ፣ መሬትሽን ልመልስልሽ።

"አሁን? ተወው" አለች። "መሬት ላይ ብተክላቸው ማንን ከማን እለያለሁ? ጎማው ቡገንቢ ነው፣ ባልዲው ጽድ፣ ጋኑ ፊከስ። በዕቃቸው ነው የማገኛቸው።"

የጂሩንም ሐረግ ልመልስለት ወይ ብዬ ነበር። ተቆጣች። "እሷ ምን አደረገች? ተጠርታ መጣች። አጠጣት።" ስሟን እንግዲት አለቻት፣ እንግዳዋ ለማለት። ማታ ግን አሁን አታወራትም። የምታወራው ከኔ ጋር ነው። ትናንት ጨለማውን እንደምትፈራ ለኔ ነገረችኝ። እጇን ይዤ ሰማሁ።


ግንቦት 17

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጣለ። ቦዩ ሠርቷል፤ ወሰኔ በግንቡ ላይ ብቅ ብላ "ደረቅ ነው" አለችን። ለሁለታችንም።

ጠዋት ድንቄ ሳትነሳ ወጥቼ ጣሳዋን አየሁ። ሦስት ቅጠል ነበራት። አንደኛው የለም። ቀንድ አውጣ በልቶታል፣ ራሱ ጣሳው ጎን ላይ ተለጥፎ ተኝቷል፣ ጠግቦ። ሁለተኛውንም ጫፉን ጀምሮታል። አንስቼ ወረወርኩት። ቆሜ አሰብኩ። ሳምንት ብቆይ ሌላ ቅጠል ታወጣ ይሆናል... ከእንቅልፏ ሳትነቃ ይሄን ልነግራት?

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ድንቄ።"

"እ?"

"አዮ አንድ ቅጠል ጠፍቶባታል። ቀንድ አውጣ ነው። ሁለት ቀርቷታል፣ አንደኛው ተቆርሷል። ልቧ ግን ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ።"

መነጽሯን ከትራስጌ ፈለገች፣ ተወችው። እጇን ዘረጋችልኝ።

"ና ውሰደኝ" አለችኝ። "የተቆረሰውን አሳየኝ።"

በባዶ እግሯ፣ በዝናብ በራሰው ሊሾ ላይ፣ ይዣት ወጣሁ።